ጌዴኦን ማን ቆጠረው?

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አብዛኞቻችን የምናውቃት በቡና ነው። እኔ የሄድኩት ግን ለፓይተን ነበር፤ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለተማሪዎችና ለጥቂት የግብርና ባለሙያዎች በተዘጋጀ የሁለት ቀን ሴሚናር ላይ ስለ ፕሮግራሚንግና ስለ ዳታ አያያዝ እንዳስረዳ ተጋብዤ። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ የተመረቅኩትም በምህንድስና። ታሪክ የተማርኩት ሃይስኩል እያለሁ ነው፣ እዚያው ላይ አበቃ። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ኮድ ከሚያወራው ስለ ታሪክ የሚያወራው ይበዛል። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ለልምምድ ብዬ አንድ ትንሽ ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ ነበር። የማንም እውነተኛ ሰው መረጃ የለበትም፤ ስሞቹም ኪሎዎቹም የፈጠራ ናቸው። ዓምዶቹ ግን ቡና ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት ዛሬ ከሚያዘጋጀው ፋይል ጋር ይመሳሰላሉ፦ የገበሬው ስም፣ ቀበሌ፣ ያስረከበበት ቀን፣ የእሸት ቡናው ክብደት፣ የማሳው ስፋት፣ የመሬቱ ዓይነት። የመጨረሻው ዓምድ ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚቀበለው፤ “ደን” ወይም “እርሻ”።

በሁለተኛው ቀን ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች። “መምህር፣ የእኛ ጓሮ ከሁለቱ የትኛው ነው?” አለች። “ከላይ ዋንዛና ብርብራ አለ፣ ከሥሩ እንሰት አለ፣ ከእንሰቱ ጎን ቡና አለ። አባቴ እርሻዬ ነው ይላል። ከመንገድ ላይ ሆኖ የሚያይ እንግዳ ግን ጫካ ነው የሚለው።”

አጠገቧ የነበሩት ሳቁ። አንድ ዕድሜያቸው ጠና ያለ የግብርና ባለሙያ ግን አልሳቁም። “ልጄ፣ ይኼ ጥያቄ እኮ ገንዘብ ነው” አሏት።

ትክክል ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጌዴኦ የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። ያቺ ተማሪ የጠየቀችበት ዓምድ የመጀመሪያው አይደለም። ጌዴኦ ከመቶ ዓመት በላይ ሲቆጠር፣ ሲለካና በዓይነት ሲመደብ ኖሯል። ዓምዱን የሚጽፈው ሰው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከሌላ ቦታ የመጣ ነበር። ዓምዱ ያልያዘው ነገር ደግሞ በየጊዜው ባለቤቱን ዋጋ አስከፍሎታል።

መሣሪያውም አገር አለው

ከመሣሪያው ልጀምር። ፓይተንን መጻፍ የጀመረው ጊዶ ቫን ሮሰም የተባለ ኔዘርላንዳዊ ነው፤ በ1989 እ.ኤ.አ. የገና ዕረፍት ላይ፣ አምስተርዳም ውስጥ በሚገኝ የሂሳብና የኮምፒውተር ሳይንስ ምርምር ተቋም እየሠራ ሳለ። ስሙን ያወጣው ከእባቡ ሳይሆን ሞንቲ ፓይተን ከሚባል የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ነው። የመጀመሪያው ኮድ ለሕዝብ የተለቀቀው በየካቲት 1983 ዓ.ም. ነበር። ደርግ ሊወድቅ የቀረው ሦስት ወር ነው ማለት ነው። ዛሬ ሠንጠረዥ ለማቀናበር የምንጠቀምበትን ፓንዳስን ደግሞ ዌስ ማኪኒ በ2008 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ድርጅት ውስጥ ሆኖ ጀመረው። የተሠራው የገንዘብ ገበያን ቁጥሮች ለመተንተን ነበር።

ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ሁለቱም ድንቅ ናቸው። ግን የተወለዱበት አገር ይታይባቸዋል። ለምሳሌ የፓይተን የቀን መቁጠሪያ ወር ከ1 እስከ 12 መሆን አለበት ብሎ ያምናል። ጳጉሜን 3 ቀን የተጻፈ ደረሰኝ ብትሰጡት ስህተት ነው ብሎ ይመልስላችኋል። ደረሰኙ ላይ ምንም ስህተት የለም፤ አስራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር የማያውቀው እሱ ነው። “2010” የሚል ዓመት ስታዩ ደግሞ የኛ ይሁን የፈረንጆቹ ከፋይሉ ላይ ካልተጻፈ በቀር ማንም ሊነግራችሁ አይችልም፤ ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው።

ፊደሉስ? ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፣ ቁጥር ነው የሚያውቀው። በዩኒኮድ መዝገብ “ሀ” 4608 ናት። “ሠ” 4640፣ “ሰ” ደግሞ 4656። ስለዚህ “ሠላም”ና “ሰላም” እኩል ናቸው ወይ ብላችሁ ፓይተንን ብትጠይቁት “ሐሰት” ይላችኋል። እዚህ ላይ የቀበሌ ጸሐፊዎችን የአጻጻፍ ልማድ ጨምሩበት። “ይርጋጨፌ”፣ “ይርጋ ጨፌ”፣ “ይርጋ ጨፈ” ለፓይተን ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። የጌዴኦ ቋንቋ ራሱ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ የአንድ ገበሬ ስም አንድ ቦታ በግዕዝ፣ ሌላ ቦታ በላቲን፣ ሦስተኛ ቦታ ደግሞ ጸሐፊው እንደሰማው ሆኖ ይገኛል። በሴሚናሩ የመጀመሪያውን ቀን የበላብን ይኸው ነበር።

ነገር ግን ይኼው የፊደል ታሪክ አንድ ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3ኛው እትም ነው፤ ራሱ እየሄደ አልገባም። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ለፊደሎቹ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርምስምስ ይላል። እንደ ፍሥሐ አጥላው፣ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ሰዎች ለዓመታት ጽፈው፣ ተከራክረው፣ ሠንጠረዥ አዘጋጅተው ነው ቦታው የተገኘው። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለሰባት ቤት ጉራጌና ለሌሎች ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደሎች ተጨመሩ። የዓለም መዝገብ ላይ የጎደለ ነገር፣ የጎደለበት ሰው ማስረጃ ይዞ ከመጣ፣ ይጨመራል። ይህን ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ ያስፈልገናል።

ገመዱ

ጌዴኦ የራሱ አቆጣጠር አልነበረውም ማለት አይደለም። ባሌ የሚባለው ሥርዓቱ ትውልድን በእርከን ያስቀምጣል፤ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ አባ ገዳው ይመራል፣ በሶንጎ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይመክራሉ። ይህ አቆጣጠር የሚቆጥረው ዘመንንና ኃላፊነትን ነው፦ ማን በየትኛው እርከን ላይ ነው፣ ተራው የማን ነው።

በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ጌዴኦ በምኒልክ ግዛት ሥር ሲገባ ሌላ ዓይነት ቆጠራ መጣ። የታሪክ ተመራማሪው ቻርልስ ማክሌላን በ1988 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ የሚያጠናው ይህን ዘመን ነው፤ ከ1895 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ጌዴኦና ማዕከላዊው መንግሥት እንዴት እንደተገናኙ። በገባር ሥርዓት የመቁጠሪያው መለኪያ አባወራ ነበር። ሹሙም ወታደሩም እንደየማዕረጉ ገባር ይመደብለታል፤ ገባሩ ከምርቱም ከጉልበቱም ይሰጣል። በዛሬ ቋንቋ እናውራ ከተባለ፣ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ቤተሰብ ነው፤ ከአጠገቡ ያለው ዓምድ ደግሞ “የማን?” የሚል ነው።

ቀጥሎ ቀላድ መጣ። ቀላድ የመሬት መለኪያ ገመድ ነው። በቀላድ የተለካ መሬት በጋሻ ይሰፈራል፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ነው። ከስፋቱ ሌላ ለግብር የሚሆን የጥራት ዓምድ ነበረው፤ የሚቀበለውም ሦስት ቃል፦ ለም፣ ለም-ጠፍ፣ ጠፍ። እስቲ ይህን ሠንጠረዥ ይዛችሁ ወደ ጌዴኦ ተዳፋት ውጡ። እንሰት፣ ቡናና ዛፍ ተደራርበው በበቀሉበት፣ አንድ ቤተሰብ ከግማሽ ሄክታር በሚኖርበት አገር 40 ሄክታር የአንድ ሰው ይዞታ ስም ሳይሆን የአንድ መንደር ስፋት ነው። የመሬቱ ስም በመዝገብ ላይ ለባለርስቱ ሲሰፍር፣ እንሰቱን የተከለውና ቡናውን የለቀመው ሰው ደግሞ በዚያው መዝገብ ጭሰኛ ሆነ። ሰውየው ከቦታው አልተነቃነቀም። የተነቃነቀው መዝገቡ ላይ ያለው ስሙ ነው።

ቡና ዋጋ ሲያወጣ የባለመሬቱ ድርሻ ጥያቄ ይበልጥ መረረ። በ1960 እ.ኤ.አ. የጌዴኦ ገበሬዎች ተነሡ፤ ሚጪሌ በሚባለው ቦታ በተደረገው ውጊያ ብዙ ሰው አለቀ። አመፁ ታፈነ፣ ጥያቄው ግን አልታፈነም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ሲታወጅ ጭሰኝነት በሕግ ቀረ፤ ለአንድ ቤተሰብ የተፈቀደው ከፍተኛ ይዞታም 10 ሄክታር ሆነ። ለጌዴኦ 10 ሄክታር ራሱ ሕልም ነው።

በሴሚናሩ ላይ ያ የግብርና ባለሙያ ጋሼ የነገሩን ነገር ከዚህ ታሪክ ጋር ነው የሚያያዝ። “ጂፒኤስ ይዘህ ማሳው ላይ ስትቆም፣ ሽማግሌው መጀመሪያ የሚጠይቅህ ‘ግብር ነው ወይ?’ ብሎ ነው” አሉ። እኛ የሶፍትዌር ሰዎች ይህን “የግንዛቤ እጥረት” እያልን በሪፖርት እንጽፋለን። የአያቱ መሬት በገመድ ተለክቶ በሌላ ሰው ስም የተጻፈበት ሰው ግን ገመድ ይዞ የመጣን ሁሉ ቢጠረጥር ያየውን አስታውሶ ነው።

ከረጢቱ ላይ ያለው ስም

ይርጋጨፌ የአንድ ከተማና የአንድ ወረዳ ስም ነው። በዓለም የቡና ገበያ ግን የጣዕም ስም ሆኗል። ከወናጎ፣ ከኮቸሬ፣ ከገደብ የተለቀመ ቡናም በዚህ ስም ሲሸጥ ኖሯል። ስሙ ዋጋ ስላለው ኢትዮጵያ በ2005 እ.ኤ.አ. ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን የንግድ ምልክት አድርጋ አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ አመለከተች። ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብ ዓለም አቀፍ ዜና ሆኖ በሰኔ 2007 እ.ኤ.አ. በስምምነት አለቀ።

በሚቀጥለው ዓመት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ፤ መሥራቿ እሌኒ ገብረመድህን ናት። ቡና ወደ ገበያው የገባው በ2008 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ነው፤ ሦስተኛው ፓይተን ከተለቀቀበት ታኅሣሥ ጋር አንድ ሰሞን። አሠራሩ በዳታ ዓይን ግልጽ ነው። ዲላን ጨምሮ በየአካባቢው መጋዘን ተከፈተ። ቡናው መጋዘን ይደርሳል፣ ናሙና ይወሰዳል፣ ይቀመሳል፣ ደረጃና የአካባቢ ምድብ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ የሚገበያየው ምድቡና ደረጃው ነው። የአንድ ምድብና ደረጃ ቡና ሁሉ አንድ ነው።

ይህ ጥቅም አልነበረውም ማለት ውሸት ነው። ዋጋ በይፋ መታወቅ ጀመረ፣ ሻጭ ገንዘቡን በወቅቱ የሚያገኝበት ሥርዓት ተፈጠረ። በሌላ በኩል ቡናው ከማን ጓሮ እንደመጣ የሚናገረው መረጃ መንገድ ላይ ቀረ። ፓንዳስ የተማራችሁ ይገባችኋል፤ ረድፎችን በአንድ ዓምድ ሰብስባችሁ ድምር ካወጣችሁና ዋናውን ፋይል ካጠፋችሁ፣ ከድምሩ ተነሥታችሁ ወደ ረድፎቹ መመለስ አትችሉም። የውጭ ገዢዎች ቅሬታ ይኼ ነበር፦ “የማን ቡና ነው?”

ለዚህ መልስ ሊሰጡ የቻሉት በዋናነት ማኅበራቱ ናቸው። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን በቀጥታ መላክ ይችል ስለነበር የአባሎቹ መዝገብ አልጠፋም። ለሌሎች መንገዱ የተከፈተው በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ቁጥር 1051 ነው። ያኔ የገበሬው ስም የሰፈረበት ዝርዝር እንደገና ዋጋ አወጣ።

የሌለው ቁጥር

ኢትዮጵያ አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ ያካሄደችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። በመጨረሻው ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ሕዝብ 847,434 ነበር፤ ስፋቱ 1,210.89 ካሬ ኪሎ ሜትር። በሴሚናሩ ላይ የመጀመሪያው ስሌታችን ይህ ነበር፤ አካፍሉት፣ በካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ገደማ ይመጣል። ኑሮው እርሻ ለሆነ አገር ይህ እጅግ ከፍተኛ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። አራተኛው ቆጠራ ግን ታብሌቶች ከተገዙለት በኋላ በተደጋጋሚ ተራዘመ። ስለዚህ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ጌዴኦ የምንጠቅሰው የሕዝብ ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው። ከ1999 የተነሣ መስመር ወደፊት ይሳባል፣ ያው ነው።

በመሐል ሕይወት መስመሩን ጥሶ ሄደ። በ2010 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አካባቢ፣ ከዚያም በሰኔ፣ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ። ከሁለቱም ሕዝብ ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ። አብዛኛው ተፈናቃይ የተጠለለው ጌዴኦ ዞን ውስጥ፣ በትምህርት ቤትና በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው። በ2011 ዓ.ም. ወደ ቀዬ የመመለሱ ሥራ ሲካሄድ ደግሞ መንግሥትና የረድኤት ድርጅቶች የሚጠቅሷቸው ቁጥሮች አልተጣጣሙም።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሠንጠረዥ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ስምህ ካለ እህል ትወስዳለህ፤ ከሌለ ትመለሳለህ። ፓንዳስ ውስጥ የተደጋገመ ረድፍን የሚያጠፋ ትእዛዝ አለ፤ አንድ መስመር ነው፣ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ይጨርሳል። እስቲ አስቡት፤ በአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች በስምም በአባት ስምም አንድ ሆኑ። ትእዛዙ አንዷን ያስቀርና ሌላዋን ይሰርዛል። ስህተት የሚል ቀይ ጽሑፍ አይወጣም፤ ፋይሉ እንዲያውም “ንጹሕ” ይመስላል። በሌላ በኩል ስሟ አንዴ በ“ሠ”፣ አንዴ በ“ሰ” የተጻፈች ሴት ሁለት ሰው ሆና ትቆጠራለች። ለተማሪዎቹ ደጋግሜ ያልኩት ይህን ነው፦ ዳታ “ማጽዳት” የምንለው ሥራ ውሳኔ ነው፣ ውሳኔው የሚያርፈው ሰው ላይ ነው።

የዞኑ ስም ራሱ በመዝገብ ላይ ሲቀያየር ኖሯል። የቆየ ሰነድ ብትከፍቱ “ደራሳ አውራጃ፣ ሲዳሞ” ይላል። ቀጥሎ ያለው “ጌዴኦ ዞን፣ ደቡብ ክልል” ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ “ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል”። የሃምሳ ዓመት መረጃ በአንድ ፋይል ላይ ለማገናኘት የሚሞክር ልጅ አንድ ቦታ መሆኑን አስቀድሞ ካላወቀ ኮምፒውተሩ ሦስት አገር አድርጎ ያስቀምጥለታል።

አንድ ነጥብ

አሁን ወደ “ደን” እና “እርሻ” እንመለስ። በ2023 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ደንብ አወጣ። ደንቡ ቡናን ጨምሮ ሰባት ሸቀጦችን ይዟል። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ቡናው ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ከሆነ አውሮፓ አይገባም። ይህን ለማረጋገጥም ቡናው የበቀለበት የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ መቅረብ አለበት። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን መጀመሪያ ከታሰበው ተራዝሟል፤ ዝግጅቱ ግን ቀጥሏል። ጀርመን የኢትዮጵያ ቡና ዋና ገዢ ከሚባሉት አንዷ ስለሆነች ነገሩ በቀጥታ የዲላ ጉዳይ ነው።

ደንቡ ስለ መገኛ የሚጠይቀውን ስታዩ ቀላድ ትዝ ይላችኋል። ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያ ድንበሩ ይሳላል። ከ4 ሄክታር በታች ከሆነ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ የነጥቡ ኬክሮስና ኬንትሮስ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ ስድስት አኃዝ ይኑረው። ስድስት አኃዝ ማለት ወደ 11 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ትክክለኛነት ነው። ከስድስቱ አራቱ ተቆርጠው ሁለት ቢቀሩ ስህተቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ 700 ሰው በካሬ ኪሎ ሜትር በሚኖርበት አገር ነጥባችሁ የሌላ ሰው ጓሮ፣ ምናልባትም የሌላ ቀበሌ ጓሮ ላይ ያርፋል። ቁጥሩን በኤክሴል ከፍቶ ባለማወቅ ማጠጋጋት ይበቃል።

የጌዴኦ ገበሬ አብዛኛው ከአንድ ሄክታር በታች ነው ያለው። ስለዚህ በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ ጌዴኦ ማለት ይቻላል በሙሉ ነጥብ ነው። ነጥብ ደግሞ ስፋት የለውም፣ ከላይና ከሥር የለውም።

ቀጥሎ ነጥቡ ካርታ ላይ ያርፋል። የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ማዕከል የ2020ን የደን ሽፋን የሚያሳይ የዓለም ካርታ አዘጋጅቷል፤ ሕጉ ይህን ካርታ ብቻ ተጠቀሙ አይልም፣ ማነጻጸሪያ ሆኖ ግን ያገለግላል። የካርታው አንድ ቁራጭ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። የሩብ ሄክታር ጓሮ 25 ቁራጭ ይሆናል ማለት ነው። ሳተላይቱ የሚያየው ከላይ ነው። ከላይ ያለው ዋንዛና ብርብራ ነው። እንሰቱና ቡናው ከጥላው ሥር ናቸው።

የደንቡ ትርጉም በወረቀት ላይ ክፉ አይደለም። ደን የሚለው ከ0.5 ሄክታር በላይ የሆነ፣ ዛፉ ከ5 ሜትር የሚበልጥ፣ የቅጠል ሽፋኑ ከ10 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ነው፤ በዋናነት ለእርሻ የዋለ መሬት ግን ደን አይባልም። ያቺ ተማሪ የተናገረችለት ዓይነት ጓሮ በቁመትም በጥላም መስፈርቱን ያልፋል፤ እንደሷ ያሉ ጓሮዎች ተያይዘው ከሩቅ ሲታዩ ደግሞ ስፋቱንም ያልፋሉ። በአገልግሎቱ ሲታይ ግን እርሻ ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው መሬቱ ለምን እንደሚያገለግል ነው፤ ሳተላይቱ የሚመልሰው ምን እንደሸፈነው ነው። የመጀመሪያውን ከሰማይ ማየት አይቻልም፤ መሬቱን የሚያርሰው ሰው ነው የሚናገረው።

ካርታው ጓሮውን “ደን” ካለው ምን ይሆናል? ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት ለቡናው ብርሃን እንዲገባ ቅርንጫፍ ሲመለምል፣ ወይም ለቤት ግድግዳ አንድ ያረጀ ዛፍ ሲቆርጥ፣ የሳተላይቱ ንጽጽር “ደን ቀነሰ” ሊል ይችላል። ሃምቡርግ ያለው ገዢ ነጥቡ ቀይ ሆኖ ካየ ወደ ዲላ መጥቶ አይጠይቅም፤ አደጋ የሌለበት ሌላ ቡና ይገዛል። ጋሼ “ገንዘብ ነው” ያሉት ይህን ነው።

ዓምዱን ማን ይጻፈው?

የጌዴኦን ጓሮ ምን ብሎ መጥራት እንደሚቻል የሚያውቁ ሰዎች የሉም ቢባል ውሸት ነው። ታደሰ ኪጴ በ2002 እ.ኤ.አ. የጌዴኦን የመሬት አጠቃቀም ሰፋ አድርጎ አጥንቶ የዶክትሬት ሥራ አቅርቧል፤ ርዕሱ የአምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነትን በጥያቄ ምልክት የሚያነሣ ነው። መስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሪያድ ላይ ባደረገው ስብሰባ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የተመዘገበው የትክል ድንጋዮቹና የተቀደሱት ደኖች ብቻ አይደሉም፤ ትልልቅ ዛፎች እንሰትን፣ እንሰት ደግሞ ቡናን የሚያስጠልሉበት ጥምር እርሻ ራሱ ነው። እንግዲህ የዓለም አንዱ ተቋም “ደንም እርሻም በአንድ ላይ” ብሎ የመዘገበውን ቦታ፣ የሌላው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ፋይል ከሁለት አንዱን ምረጥ ይለዋል።

ሴሚናሩ ላይ ተማሪዎቹ ያደረጉት ቀላል ነገር ነበር። የ“መሬት ዓይነት” ዓምድን እንዳለ ተዉት፤ ገዢው የሚጠይቀው ፎርማት ስለሆነ ይቆይ አሉ። ከጎኑ ሦስት ዓምድ ጨመሩ፦ ከላይ ምን አለ፣ ከመካከል ምን አለ፣ ከሥር ምን አለ። “ለመጨረሻ ጊዜ የተመለመለው መቼ ነው” የሚል አንድ፣ “መዝጋቢው ማን ነው፣ በየትኛው ቋንቋ ጠየቀ” የሚል ሌላ ጨመሩ። የማሳ መገኛ የሚላክበት ጂኦጄሰን የተባለው የፋይል ዓይነት እንዲህ ያለ ተጨማሪ መረጃ ከነጥቡ ጋር መያዝ ይችላል፤ አስቸጋሪ ኮድ አይጠይቅም። ከዚያ አንዱ ልጅ “ዋናውን ፋይል ሳንነካ እናስቀምጥ፣ የምናርመው በቅጂው ላይ ይሁን” አለ። የሁለት ቀን ትምህርት ይህን ካስጨበጠ ይበቃል።

ይህ ሁሉ የአውሮፓን ደንብ አይቀይርም። ነጥቡ ቀይ በሆነ ቀን ግን የሚቀርብ መልስ ይኖራል። ማኅበሩ “ይህ ጓሮ እርሻ ነው፤ እንሰቱ ይኸውና፣ ቡናው ይኸውና፣ ዛፉ የተመለመለው በዚህ ወር ነው” ብሎ ማሳየት ይችላል። ፍሥሐና ጓደኞቹ ለፊደሉ ያደረጉትም ከዚህ የራቀ አልነበረም። የጎደለውን ዓምድ ሞልተው ይዘው ሄዱ።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ እሱ ኮድ አይደለም። ፋይሉ የት ነው የሚቀመጠው? የማሳ ነጥብ የሚሰበስቡ ላኪዎች፣ ፕሮጀክቶችና መሥሪያ ቤቶች አሉ። ገበሬው ነጥቡን ሰጥቶ ቅጂ ካላገኘ፣ የጓሮው መገኛ እስከ 11 ሴንቲ ሜትር ድረስ የሚታወቀው እሱ በማያየው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ላኪውን ቢቀይር እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። የገባሩም የቀላዱም መዝገብ እንዲሁ ገበሬው የማያነበው ነበር። ማኅበራቱ የራሳቸውን ፋይል ራሳቸው ቢይዙ፣ ለአባሉም የእሱን ረድፍ አትመው ቢሰጡት፣ ያ ሽማግሌ “ግብር ነው ወይ?” ብሎ ሲጠይቅ የሚታይ ወረቀት ይኖራል።

ይህን ሊሠሩ የሚችሉት ከአዲስ አበባ ለሁለት ቀን የሚመጡ እንደ እኔ ያሉ ሰዎች አይደሉም። “ራጴ” ከ“ራፔ” የተለየ ስም መሆኑን፣ ሁለቱ ሴቶች ሁለት ሰው መሆናቸውን፣ ከሩቅ ጫካ የሚመስለው የማን ጓሮ እንደሆነ የሚያውቁት እዚያው ያደጉት ናቸው። ፓይተኑን በሁለት ወር መማር ይቻላል። የቡና ለቀማ ጥቅምት አካባቢ ይጀምራል፤ ያኔ በየመፈልፈያው በር ላይ አዲስ ፋይል ይከፈታል።